የሥዕል ፈረስና የእንጅባራ ፈረስ

ሥዕል የት ተማርክ ብባል መልሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዳንግላ ልጅ ሆኜ፣ በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠውን ቅዱስ ጊዮርጊስ በደብተሬ ጀርባ እየገለበጥኩ ነው እጄ እርሳስ የለመደው። በቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ስልት ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው የሚነግረን በዓይኑ ያየውን ሳይሆን የሚያምነውን ነው ማለት ነው።

እኔ ግን ይህን ልዩነት ሳላውቅ ተሳሳትኩ። ምን ሆነ መሰላችሁ? እንደሚታወቀው ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል፤ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ስለ በዓሉ ለጻፍኩት የክፍል ሥራ የሚጋልብ ፈረስ ሣልኩና ለአንድ አዛውንት ፈረሰኛ አሳየኋቸው። አየት አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ ፈረስ መች ሮጠ? ሊወድቅ ነው እኮ!» አሉኝ። አፈርኩ። ሁለቱን እግር ወደ ፊት፣ ሁለቱን ወደ ኋላ ዘርግቼ ነበር የሣልኩት። ፈረሱ አጠገቤ እያለፈ እኔ በልቤ የያዝኩትን ሥዕል ገለበጥኩ።

በኋላ ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። ፈረንሳዊው ዠሪኮ እ.ኤ.አ. በ1821 በሣለው፣ ዛሬ ሉቭር ሙዚየም በሚገኘው የኤፕሰም የፈረስ እሽቅድድም ሥዕልም እግሮቹ እንዲሁ ተዘርግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1878 ግን ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎች ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሳ። አራቱም እግሮች አንድ ላይ ከመሬት የሚለቁት ተዘርግተው ሳይሆን ከሆድ ሥር ሲሰበሰቡ መሆኑን ፎቶግራፎቹ አሳዩ።

ታዲያ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ልተወው? በፍጹም! እስክንድር ቦጎሲያን ከአገራችን ጠልሰምም፣ ፓሪስ ሳለ ካያቸው ከእነ ፓውል ክሌም ተምሯል፤ ሥራው ግን የማንም ግልባጭ አልሆነም። «የጁጁ ሠርግ» የተባለው ሥዕሉ በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

አሁን የምለማመደው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የቆመ ፈረስ እመርጣለሁ። የጀርባውን መስመር አስቀድማለሁ፤ ቀጥሎ ክብደቱን የተሸከመውን እግር እፈልጋለሁ። ኮርቻና ልጓም መጨረሻ ናቸው፤ ጌጡ ቀድሞ ከተሣለ የአካሉን ስህተት ይሸፍናል። ብዙ ወረቀት ይበላሻል፤ ይበላሽ!

ይህን የማነሳው ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለሚጠቅም ነው። ከዜና ጋር የሚወጣ ሥዕልም እንደ ዜናው ተጠያቂ ነው፤ አንባቢ እውነት ብሎ ይቀበለዋልና። በሚቀጥለው ጥር 23 አዲሱን ሥዕል ይዤ አዛውንቱ ዘንድ እመለሳለሁ። አርታኢዬ እሳቸው ናቸው።