ወደ 9ኛ ክፍል የሚያልፉ ታናናሾቻችንን በክረምቱ እንዴት እንርዳ?

ወላጆቻችን እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» የሚሉት የ8ኛ ክፍል ፈተና ካለፈ በኋላ በየቤቱ ደስታ ይሆናል። ተማሪውም ደብተሩን አስቀምጦ ያርፋል። ማረፉም ተገቢ ነው። ነገር ግን በመስከረም የሚጠብቀው ትምህርት ከለመደው በብዙ ይለያል፤ ቋንቋው ሌላ፣ የትምህርቱ አከፋፈል ሌላ፣ ለብዙዎችም የሚኖሩበት ቦታ ሌላ ነው። ስለዚህ እኛ በዩኒቨርሲቲ የምንማር የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት በክረምቱ ምን ማድረግ እንደምንችል በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

1. ችግሩ ምንድን ነው?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ በፊት ወደ እንግሊዝኛ የሚታለፈው በ7ኛ ክፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደየክልሉ ይለያያል። አንዳንዱ ሂሳብና ሳይንስን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲያስተምር፣ አንዳንዱ እስከ 8ኛ ክፍል መጨረሻ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይቀጥላል። 9ኛ ክፍል ሲደረስ ግን ከሀገር ቋንቋዎች ትምህርት በቀር መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ልጅ በሚገባው ቋንቋ መማሩ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የጎደለው መሸጋገሪያው ነው።

በዚህ ላይ በ8ኛ ክፍል «አጠቃላይ ሳይንስ» ተብሎ በአንድነት የቀረበው ትምህርት በ9ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሆኖ ይከፈላል። የኅብረተሰብ ትምህርትም ወደ ጂኦግራፊና ታሪክ ይለያያል፤ ኢኮኖሚክስ ደግሞ ይጨመራል። እያንዳንዱም መምህር የራሱ አነጋገር አለው።

2. ልጁ ሳይገባው ሲቀር ምን ይሆናል?

በመጀመሪያው ወር ጥቂት ቃላት ያመልጡታል። እንዳይሳቅበትም ዝም ይላል። በሁለተኛው ወር የሚያመልጠው ከሚገባው ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ አንዱ ትርጉሙን ሳያውቅ መሸምደድ፣ ሁለተኛው ከጓደኛ ወረቀት መገልበጥ ነው። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ እርሱም ራሱን ደንቆሮ አድርጎ ማየት ይጀምራል። እውነቱ ግን ነገሩን ያውቀዋል፤ የጠፋው ስሙ ነው። ብዙው ኩረጃ የሚጸነሰው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የዚህ መጨረሻ በ12ኛ ክፍል ይታያል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ኩረጃው ሲቀር፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 ከመቶ ነው። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 ከመቶ ደርሷል። ምክንያቱ ብዙ እንደ ሆነ እናውቃለን። የመጽሐፍ እጥረት አለ፤ በብዙ ቦታ ጦርነት ትምህርት አቋርጧል። ሆኖም በእኛ እጅ ያለው ክፍል የ9ኛ ክፍል መግቢያ ነውና ከዚያ እንጀምር።

3. በክረምቱ ምን እንሥራ?

አንደኛ፣ ቃላት። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን ናቸው። ተማሪው በቀን አምስት ቃል ቢይዝ መስከረም ሲጠባ 300 ቃል ያውቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ። ቃላቱ ከመዝገበ ቃላት በዘፈቀደ አይለቀሙ፤ ወደ 10ኛ ክፍል ካለፉ ልጆች የ9ኛ ክፍል መጻሕፍትን ተውሰን ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች እንምረጥ። በደብተሩ አንድ ገጽ ላይ የእንግሊዝኛው ቃል፣ የአፍ መፍቻው ትርጉምና ከኑሮ የተወሰደ ምሳሌ ጎን ለጎን ይጻፉ። ለምሳሌ በገበያ 50 ኪሎ ጤፍ ስንገዛ «ክብደቱ 50 ኪሎ ነው» እንላለን። በፊዚክስ ግን 50 ኪሎግራሙ «ማስ» ይባላል። «ዌይት» የሚባለው መሬት ጆንያውን የምትስብበት ኃይል ሲሆን የሚለካው በኒውተን ነው፤ የዚያ ጤፍ ዌይት ወደ 490 ኒውተን ይሆናል። ይህን በጆንያው የተረዳ ልጅ በክፍል ሲሰማው አይደነግጥም።

ሁለተኛ፣ የጥያቄ ትእዛዞች። ተማሪ መልሱን እያወቀ የተጠየቀውን ባለማወቅ ነጥብ ያጣል። «ዲፋይን» ትርጉሙን ስጥ፣ «ሊስት» ዘርዝር፣ «ኤክስፕሌይን» አብራራ፣ «ካልኩሌት» አስላ፣ «ኮምፔር» አነጻጽር ማለት ነው። የዕፅዋትንና የእንስሳትን ሴል አነጻጽር የተባለ ልጅ ስለ ዕፅዋቱ ብቻ አንድ ገጽ ቢጽፍ አልመለሰም። ሁለቱም ኒውክለስ እንዳላቸው፣ የሴል ግድግዳ ግን በዕፅዋቱ ብቻ እንደሚገኝ ጎን ለጎን ማሳየት አለበት።

ሦስተኛ፣ የሂሳብ ቀዳዳዎች። የ9ኛ ክፍልን ሂሳብ አስቀድሞ መሮጥ አያስፈልግም፤ የኋላውን መጠገን ይበልጣል። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ብለን እንጠይቅ። 2/5 የሚል ካለ፣ መልሱ 5/6 የሆነበትን አንድ እንጀራ ቆርሰን እናሳየው። ክፍልፋይ፣ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችና ቀላል እኩልታ ከተስተካከሉ የቀረው ይከተላል።

አራተኛ፣ መጠየቅን ማለማመድ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ ነገር ግን በ60 ልጆች ፊት እጅ ማውጣት ልምምድ ይፈልጋል። በአምስት በአምስት ሆነው ሲማሩ እያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ይጠይቅ። ቢሰባበርም አይሳቅበት። የሚስቅ ካለ ቀጣዩን ጥያቄ እርሱ ይጠይቅ።

4. ወላጆች ምን ያድርጉ?

ከገጠር ወደ ወረዳ ከተማ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ስንቃቸውን ከቤት ይዘው ይመጣሉ፤ ምግባቸውንም ራሳቸው ያበስላሉ። ስለዚህ ከመስከረም በፊት ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ኪራዩ እንዴት እንደሚከፈል፣ ሲታመሙ ማንን እንደሚጠሩ ይወሰን። በከተማው ያለ ዘመድ ወይም የታመነ ጎረቤት በየሳምንቱ ቢያያቸው ትልቅ እርዳታ ነው።

ለሴት ልጆች ደግሞ ልዩ አደራ አለን። ወንድሟ መጽሐፍ ሲገልጥ እርሷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ማታም ደክሟት ትተኛለች። ከዚያም «ትምህርት አልሆነላትም» ይባላል። እናቶችና አባቶች ሆይ፤ በቀን አንዲት ሰዓት ነጻ አውጡላት። ወንድሟም ጀሪካኑን ቢያነሣ ክብሩ አይቀንስም።

5. ከእኛ የሚጠበቀው

እያንዳንዳችን አምስት ልጆች ብንይዝና እሑድ ከመርሐ ግብሩ በኋላ ሁለት ሰዓት ብንሰጥ፣ በክረምቱ ከ16 ሰዓት ያላነሰ ይሆናል። ይህ ዓመቱን ሙሉ የሚያስተምራቸውን መምህር አይተካም። ነገር ግን መስከረም ላይ የሚሰሙት ቃል እንግዳ እንዳይሆንባቸው ይበቃል። ስማቸውን ሐምሌ ሳይገባ እንመዝግብ፤ መጻሕፍቱን እንሰብስብ፤ ማን የቱን ትምህርት እንደሚይዝ እንከፋፈል።

እናንተም ታናናሾቻችን፤ የከበዳችሁ ጊዜ አእምሮአችሁን አትጠራጠሩ። አስቀድማችሁ «ይህን ነገር በራሴ ቋንቋ አውቀዋለሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙውን ታውቁታላችሁ፤ የቀረው አዲሱን ስሙን መማር ነው። የማታውቁት ሆኖ ከተገኘም እጃችሁን አውጡ።