የድሮ መልክ ያላት ርካሽ ኳስ ትገዛ ይሆን?

ጥያቄ፦ በሶዶ የሰፈር ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ገበያ ላይ የድሮ ዓይነት ጥቁርና ነጭ ኳስ በርካሽ አየሁ። ብገዛት ያዋጣል?
አንባቢ፣ ከወላይታ ሶዶ

መልስ፦ መልኳ የተቀዳው በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ከታወቀው ቴልስታር ከተባለው ኳስ ነው። 12 ጥቁር ባለ አምስት ማዕዘንና 20 ነጭ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁራጮች ነበሩት፤ ጥቁሩ በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ላይ ጎልቶ እንዲታይ ታስቦ ነው። በርካሾቹ ላይ ግን ቅርጹ አንዳንዴ ቀለም ብቻ ነው። መስመሩን በጥፍርዎ ይዳስሱት፤ ስፌት ካላገኙ ይተዋት።

ስፌት ካላት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኳት። ቁጥር 5 ከሆነች ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሳንቲሜትር፣ ክብደቷ ከ410 እስከ 450 ግራም መሆን አለበት። የባለሱቁ ሚዛን ይበቃል። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን ቁጥር 4 ይሻላል።

ከዚያ አስነፍተው ውሃ ውስጥ ይንከሯት፤ አረፋ ካወጣች አየር ታስወጣለች። መሬት ላይ ሲያንከባልሏት ከተንገዳገደች ክብ አይደለችም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። ርካሽ ኳስ በስፌቷ ውሃ ትመጥጣለች፣ ትከብዳለች፤ የከበደች ኳስ በጭንቅላት መምታት ለልጅ አደገኛ ነው። ስትረጥብ ጥላ ውስጥ ትድረቅ እንጂ እሳት ዳር አትቀመጥ።

ሶዶ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያሰናበተው የወላይታ ድቻ ክለብ ከተማ ናት፤ ልጆቿ በተዛባ ኳስ መልመድ የለባቸውም። ይህን ሁሉ ካለፈች ለልምምድ ይግዟት፤ ለግጥሚያ ግን የተሻለች ያስቀምጡ።