በየዕለቱ ሥራ ውስጥ ስለሚገኝ ጥበብ

አንባቢ ሆይ፥ በቋንቋችን «ጥበብ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር እንደሚያመለክት አስተውለሃልን? አንደኛው ዕውቀትና ማስተዋል ነው፤ ሁለተኛውም ሸማኔ በነጠላና በቀሚስ ጫፍ ላይ በቀለም ክር የሚሠራው ጌጥ ነው። የልብ ማስተዋልና የእጅ ጌጥ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እጅ ያለ ልብ ቢሠራ ሥራው ይበላሻል፤ ልብም ያለ እጅ ያሰበውን ሊያሳይ አይችልም። እንግዲህ በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፦ ሰው በየዕለቱ በሚሠራው ሥራ፥ ማለት በስፌቱና በፈትሉ፥ በወጡና በቤቱ ግድግዳ፥ አዲስ አሳብ የሚያገኘው ከወዴት ነው?

ብዙዎች፥ ይልቁንም ትምህርት ቤት የገባን ሰዎች፥ አዲስ አሳብ ከሩቅ አገር ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ይመስለናል። ስለዚህ ቤታችንን ማሳመር በፈለግን ጊዜ አስቀድመን ኪሳችንን እንዳብሳለን እንጂ እጃችንን አንመለከትም። ገንዘብ ባይኖረን «አልሆነልኝም» ብለን እንተወዋለን፤ ገንዘብ ቢኖረንም ጎረቤታችን የገዛውን ያንኑ ገዝተን እናስቀምጣለን። በሁለቱም መንገድ የራሳችን ልብ ሥራ ፈትቶ ይቀራል።

ይህን የምጽፈው በሌሎች ለመፍረድ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔም ነበረና። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሳለሁ እናቴ በገዛ እጅዋ በሰፋችው ትንሽ ባለ ክዳን መሶብ ስንቅ አድርጋ መጣች። ጓደኞቼ ከሱቅ የተገዛ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ነበራቸውና እኔ በመሶቡ አፈርሁ፤ እንጀራውን አውጥቼ መሶቡን ከአልጋ በታች ደበቅሁት። እናቴም አየች፥ ነገር ግን ምንም አልተናገረችም። ከብዙ ዘመን በኋላ ያን መሶብ አንሥቼ ብመለከተው፥ ከክዳኑ መካከል የተነሣ ስምንት ጨረር ያለው ኮከብ ዙሪያውን ሄዶ አንዱ ጨረር ከሌላው ሳይበልጥና ሳያንስ ይገጥማል። እኔ በዚያው ወራት ክበብን በእኩል መክፈል በወረቀትና በኮምፓስ እማር ነበር፤ ብዙ ጊዜም እሳሳት ነበር። እናቴ ግን ፊደል ሳትቈጥር ያንኑ ክበብ በሣር ከፍላው ነበር። መምህሬ ከአልጋዬ በታች ተደብቆ ሳለ እኔ መምህር ፍለጋ ሩቅ እመለከት ነበር።

ከዚህ የተነሣ አራት ነገር ተምሬአለሁ።

ፊተኛው፦ ሥራውንና ሠራተኛውን ማክበር ነው። የናቁትን ነገር ማንም አተኵሮ አይመለከትም፤ አተኵሮ ያልተመለከተም ከእርሱ አሳብ አያገኝም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ጠይብ» እያሉ መስደብ፥ ደግሞም «ቡዳ» ብለው መሸሽ የቈየ ክፉ ልማድ ነው። ነገር ግን «ጠይብ» የሚለው ቃል «ጠቢብ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ተሳዳቢው ሳያውቅ ሠራተኛውን ጥበበኛ ብሎ ይጠራዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ይሁን እንጂ ዐዋጅ አፍን ቢዘጋ ልብን ወዲያው አይለውጥም። በጎንደር አውራጃ ብረት የሚቀጠቅጡትና ሸክላ የሚሠሩት ቤተ እስራኤል ለጎረቤቶቻቸው ማረሻና ምጣድ እየሠሩ ሳሉ በዚሁ ስድብ ሲሰደቡ ኖሩ፤ ብዙዎቹም በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ተሻገሩ። በሠራችው ምጣድ እንጀራ እየጋገሩ ሠሪዋን መናቅ እንዴት ያለ ነውር ነው!

መጽሐፍ ቅዱስን የምናነብ ሰዎች በዚህ ነገር ማመካኛ የለንም። በኦሪት ዘጸአት ድንኳኑ በተሠራ ጊዜ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ የተነገረለት ባስልኤል ወርቅና ናስ ሠሪ፥ ዕንጨት ጠራቢ ነበር። ለእርሱና ለኤልያብ ሌሎችን የማስተማር ስጦታ ደግሞ ተሰጣቸው። በእጃቸው የፈተሉ ሴቶችም በዚያው ስፍራ በልባቸው ጥበበኞች ከተባሉት ጋር ተቈጠሩ። እንግዲህ እንዝርትና መዶሻ ክብር የሌለው ዕቃ ነው የሚል ማን ነው?

ሁለተኛው፦ በእጅ ያለውን ነገር ጠባዩን ማወቅ ነው። ስፌት የምትሰፋ ሴት ስንደዶና አክርማ ሰብስባ፥ አድርቃ፥ ገሚሱን ቀለም ነክራ፥ በወስፌ እየወጋች ከመካከል ጀምራ እየዞረች ታሳድገዋለች። ሣሩ ሲደርቅ ይሰበራል፥ በውኃ ሲርስ ግን ይታዘዛል፤ ይህን የምታውቅ ሴት ሣሩ ወዴት እንደሚታጠፍላት ታውቃለች፥ አዲሱም ቅርጽ ከዚያ ይወለዳል። ሸክላ ሠሪዋም ያለ መንኰራኵር በእጅዋ ብቻ እየደረበች ጀበናውንና እንስራውን ታቆማለች፤ ጭቃው በፀሐይ ተቻኵሎ ቢደርቅ እንደሚሰነጠቅ ታውቃለችና በጥላ ታቈየዋለች። ሸማኔውም እግሩን በጕድጓድ አግብቶ ድሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ማጉን ይወረውራል፤ ጥለቱንም ሲያስገባ ክሩን እየቈጠረ ነው። ከእነዚህ አንዱም «አሳብ እስኪመጣልኝ ልቀመጥ» አይልም። እጁ ሲሠራ ዓይኑ ያያል፤ ዓይኑ ሲያይ ልቡ ይነቃል።

ሦስተኛው፦ ጕድለትን እንደ መምህር መቀበል ነው። ወደ ወጥ ቤት ግባና ተመልከት። እንጀራ ተርፎ ሲደርቅ ሞኝ ሰው ይጥለዋል፤ ባለሙያ ሴት ግን አድርቃ ድርቆሽ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፥ መንገደኛም ስንቅ ይዞት ይሄዳል። በጾም ወራት ሥጋና ወተት ቅቤም በተከለከለ ጊዜ እናቶቻችን ሱፍን ወቅጠው በውኃ አጥልለው ወተት የሚመስል ነጭ መጠጥ አወጡ፤ እንጀራም ፈትፍተውበት መልካም ምግብ ሆነ። የሽምብራውን ዱቄት ለውሰው በዓሣ አምሳል ቈርጠው፥ ጠብሰው፥ በወጥ ውስጥ ጨመሩትና «የሽምብራ ዓሣ» አሉት። እንዲህ ያለውን መብል ማን አሰበው? ሁሉ የሞላለት ሰው አይደለም፤ ጥቂት ነገር በእጅዋ ያላት ሴት አሰበችው እንጂ። ክልከላው አሳብን አላጠፋም፥ አነቃው። ደግሞም ሽንኵርቱና በርበሬው አንድ ሲሆን የየቤቱ ወጥ ጣዕም የተለየ ነው።

አራተኛው፦ ከሌላው ተምሮ የራስን መጨመር ነው። ከሌላ አገር መማር ክፉ ነው አላልሁም። ክፉው ነገር ሳያስተውሉ መገልበጥ ነው። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በወጣትነቱ ምህንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ ነበር፤ በዚያም ወደ ሥዕል ትምህርት ዞረ። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ግን በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ የሕዝቡን ኑሮ ተመለከተ። በአዲስ አበባ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ታላላቅ የቀለም መስተዋት መስኮቶች የእርሱ ሥራ ናቸው፤ የአፍሪካንም ያለፈውንና የአሁኑን የሚመጣውንም ዘመን ያሳያሉ። የመስተዋቱን ጥበብ ከውጭ ተማረው፤ በመስተዋቱ ላይ የሚታየውን ሰው ግን ከገዛ አህጉሩ አገኘው።

ቤትን ስለ ማሳመርም የሐረርን ቤት ምሳሌ ልስጥ። የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ ያለው የጥንቱ የሐረሪ ቤት «ጌይ ጋር» ይባላል። በውስጡ ደረጃ በደረጃ ከፍ ያሉ መቀመጫዎች አሉ፤ በግድግዳውም ላይ በሴቶች እጅ የተሰፉ ስፌቶችና ሳሕኖች በሥርዓት ተሰቅለው ይታያሉ። ልብ አድርግ፤ ያ ጌጥ እንጀራና ምግብ የሚቀርብበት ዕቃ ነው። ሲፈለግ ወርዶ ያገለግላል፥ ሥራው ሲፈጸም ወደ ግድግዳው ተመልሶ ቤቱን ያስጌጣል። ጌጥና አገልግሎት በዚያ አልተለያዩም።

በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። ቤትን ማሳመር ሌላ ነው፥ ለመታየት መቈነን ሌላ ነው። በብድር የተገዛ መጋረጃ ግድግዳውን ቢሸፍንም የባለቤቱን ጭንቀት አይሸፍንም። እንግዳው በገባ ጊዜ ዕቃውን እያየ የሚያፍርበት ቤት ያማረ ቤት አይደለም፤ እንግዳው ዐርፎ የሚቀመጥበት ቤት ግን ግድግዳው በጭቃና በጭድ ቢመረግም ያማረ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ከመሥራትህ በፊት «ይህ ማንን ያስደስታል? ማንንስ ያገለግላል?» ብለህ ራስህን ጠይቅ።

አሁንም ትምህርቱ በቃል ብቻ እንዳይቀር፥ ከዛሬ ጀምሮ ይህን እናድርግ። በየዕለቱ በቤታችን ካለው ዕቃ አንዱን አንሥተን እንዴት እንደ ተሠራ ጥቂት ጊዜ እንመልከት፤ መጀመሪያው ከወዴት ነው? መጋጠሚያውስ የት ተሰወረ? ከዚያ በኋላ ያየነውን በትንሽ ደብተር እንሣለው ወይም እንጻፈው፤ ሥዕላችን ባያምርም ዓይናችን ይሠለጥናልና። በየሳምንቱም ከለመድነው ሥራ አንዱን ብቻ ጥቂት እንለውጥ፤ ወጥ የምትሠራ አንድ ቅመም ትጨምር ወይም ትቀንስ፥ ጥልፍ የምትጠልፍ አንድ ቀለም ትለውጥ። ሁሉን ባንድ ቀን የለወጠ ሰው የተበላሸበትን ምክንያት አያውቅም፤ አንዱን የለወጠ ግን ያውቃል። ቢበላሽም አንዘን፤ እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ ዓይን ያላወጣ እንጀራ ጋግራ ታውቃለች። ከሁሉ ይልቅ ግን ከእኛ በዕድሜ የሚበልጡትን ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር አጥብቄ የምናገረው ስለ እናቴ ነው። መሶቡ ዛሬ በቤቴ ከፍ ባለ ስፍራ ተቀምጧል፤ ልጆቼም እየነኩ ያደንቁታል። አንድ ቀን ሴት ልጄ «አያቴ ስምንቱን ጨረር እንዴት አድርጋ ቈጠረችው?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ፤ ለመጠየቅ በቻልሁበት ዘመን አፍሬ ደብቄው ነበርና፥ ልጠይቃት በወደድሁ ጊዜ እናቴ ዐርፋ ነበር። ልጄ ግን ስንደዶ ገዝታ ከጎረቤታችን ከአንዲት ባልቴት ዘንድ ስፌት መማር ጀምራለች። የመጀመሪያው ኮከብዋ ጠማማ ነው፤ ጨረሩም ሰባት ሆነ። እኔ ግን ከመሶቡ አጠገብ አኑሬዋለሁ።

ለመመርመር የሚሆኑ ጥያቄዎች
1. በቤትህ ካለው የእጅ ሥራ ስትንቀው የኖርኸው የትኛው ነው? የሠራውስ ማን ነው?
2. በዚህ ሳምንት የጐደለህ ነገር ምንድር ነው? ከጕድለቱስ ምን ልትሠራ ትችላለህ?
3. ሳይመሽ ልትጠይቀው የሚገባህ ባለሙያ ማን ነው?