ተለማማጁ መምህርና መሣሪያው

በመካከላችን የመምህርነትን ሙያ መርጠው፣ ወይም ሙያው መርጦአቸው፣ ለማስተማር ልምምድ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለመውጣት የሚሰናዱ ጓደኞች ብዙ ናቸው። እኔም ባለፈው መንፈቅ ሄጄ ተመልሻለሁ። ከመሄዴ በፊት ያስጨነቁኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው ልብሴ፣ ሁለተኛው ላፕቶፔ። ስለ ልብስ የምመክረው የለኝም። ስለ ላፕቶፑና በጠቅላላው ስለ ማስተማሪያ መሣሪያ ግን በስሕተት የተማርሁትን ለሚከተሉኝ ባካፍል የሚያስወቅሰኝ አይመስለኝም።

አዲስ መሣሪያ ወደ ክፍል ሲገባና ብዙ ተስፋ ሲጣልበት የእኛ ዘመን የመጀመሪያው አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን በ1913 እ.ኤ.አ. ተንቀሳቃሽ ፊልም በትምህርት ቤት የመጽሐፍን ቦታ በቅርቡ እንደሚወስድ ተናግሮ ነበር፤ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አለ። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ እየተባለ የሚጠራው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይተላለፍ ነበር። መምህሩ በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ አርእስቱን ያስተዋውቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ሥርጭቱ ሲያበቃ በቀረችው ጥቂት ደቂቃ ያልገባውን ጠይቆ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ጥቅሙ ቀላል አልነበረም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ በወሬ ብቻ የሚያውቀውን የኬሚስትሪ ሙከራ በዐይኑ ለማየት በቅቷል። ጉድለቱ ሥርጭቱ የማይቆም መሆኑ ነው። ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሣ መልሱን ሰጥቶ ያልፋል።

የልምምድ መሪዬ የነበሩት አንጋፋ የፊዚክስ መምህር ያን ጊዜ አልፈውበታል። «ልጄ፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «እንዳልገባቸው ፊታቸው ላይ አያለሁ። የማየው እኔ ነኝ፣ የሚያስተምረው እሱ ነው።»

እኔ የያዝሁት መሣሪያ ግን ከፕላዝማው የተለየ ነበር። በፈለግሁት ሰዓት ላቆመው፣ ወደ ኋላ ልመልሰው፣ ድምፁን ዘግቼ በራሴ አንደበት ላስረዳበት እችል ነበር። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ሳያስገድደኝ ራሴ ፕላዝማ አደረግሁት።

የዕለቱ ትምህርት ስለ ፔንዱለም ነበር። የዐሥራ ስምንት ደቂቃ ቪዲዮ አውርጄ፣ ሃያ ሁለት ስላይድ አዘጋጅቼ፣ እንቅልፍ ሳይዞርብኝ አድሬ ገባሁ። ቪዲዮው በተጀመረ በአራተኛው ደቂቃ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ድንጋዩ ከባድ ቢሆን ቶሎ ቶሎ አይመላለስም?» አለችኝ። እኔም «ቪዲዮው ራሱ ይነግርሻል፤ ተከታተዪ» ብዬ አስቀመጥኋት። ቪዲዮው አልነገራትም። ወደ ዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ገደማ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቢቀጥልም ፕሮጄክተሩ ጠፋ፤ ስልሳ የሚያህሉ ተማሪዎች ባዶውን ግድግዳ እያዩ፣ እኔም እነርሱን እያየሁ ቀረን። ጠመኔ እንኳ ይዤ አልገባሁም ነበር።

ከክፍል ስንወጣ ጋሼ (እንዲህ ነበር የምጠራቸው) ስለ መብራቱ አንድም ቃል አልተናገሩም።

«ያቺ ልጅ የጠየቀችህን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ትምህርቱ እኮ እሱ ነበር።»

ነገሩን ቁጭ ብዬ ባስብበት እውነታቸውን ነው። ስለ ፔንዱለም ምንም ያልተማረ ብዙ ሰው ልክ እንደዚያች ተማሪ ይገምታል፤ ከባዱ ነገር ይፈጥናል ይላል። ፔንዱለሙ ሄዶ ለመመለስ የሚወስድበትን ጊዜ የሚወስነው ግን የሲባጎው ርዝመት እንጂ የድንጋዩ ክብደት አይደለም። ተማሪው ግምቱን አውጥቶ ከተናገረ በኋላ ተቃራኒውን ቢያይ ይደነግጣል፤ ከደነገጠም ይጠይቃል። ግምቱን ሳይናገር ትክክለኛውን ነገር ቢያሳዩት ግን ይቀዳዋል፤ ለፈተና ያጠናዋል፤ በልቡ የድሮውን ይዞ ይቀራል። እኔ ያሳየሁት ቪዲዮ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ማንም ሳይጠይቀው መለሰ እንጂ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሲባጎ፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ድንጋይ፣ እንዲሁም የእጅ ስልኬን ብቻ ይዤ ገባሁ። ሲባጎውን ከታሰረበት እስከ ድንጋዩ መካከል አንድ ሜትር እንዲሆን ለካነው። ድንጋዩን ከዐሥር ዲግሪ በማይበልጥ ማዘንበል እንለቀዋለን፤ አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ አንድ ብለን እስከ ሃያ እንቈጥራለን፤ ጊዜውን በስልኩ እንይዛለን። ሃያ ጊዜ የምንቈጥረው የእጃችን መዘግየት በአንዱ ላይ ከሚከማች በሃያው ላይ እንዲከፋፈል ነው። ከመልቀቃችን በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን በደብተሩ ጻፈ። ትንሹ ድንጋይ አርባ ሰከንድ ያህል ፈጀ። ትልቁም አርባ ሰከንድ ያህል ፈጀ። ክፍሉ አጉረመረመ፤ አንዱም ቈጠራው ተሳስቷል ብሎ እንደ ገና አስቈጠረን። ሲባጎውን ወደ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ባሳጠርነው ጊዜ ሃያው ምልልስ በሃያ ሰከንድ አለቀ፤ ርዝመቱ በአራት ሲካፈል ጊዜው በሁለት ብቻ ተካፈለ ማለት ነው።

ያቺን ተማሪ ስልኩን ይዛ ጊዜውን እንድትቈጥር ጠየቅኋት። «ይቅርብኝ» ብላ አንገቷን ደፋች። አጠገብዋ ያለችው ቈጠረች። ከዚያ በኋላ እንደ ገና እጇን እስክታወጣ ድረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈጅቷል፤ «ተከታተዪ» ያልሁት ግን ሁለት ሰከንድም አልፈጀብኝ።

እንግዲህ ሲባጎ ይህን ሁሉ ከሠራ ላፕቶፑ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ሲባጎውን ይዘን ወደ ጨረቃ መሄድ ስለማንችል ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የ2001 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ፌት የሚባል ነጻ የመለማመጃ ፕሮግራም አለ። አንድ ጊዜ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በውስጡ ካሉት አንዱ የፔንዱለም ቤተ ሙከራ ነው፤ የስበቱን ኃይል ከመሬት ወደ ጨረቃ ወይም ወደ ጁፒተር መለወጥ ይቻላል። የጨረቃ ስበት የመሬትን አንድ ስድስተኛ ያህል መሆኑን ነገርኋቸውና የአንድ ሜትሩ ፔንዱለም እዚያ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት አስገመትሁ። ብዙዎቹ በስድስት አባዝተው ዐሥራ ሁለት አሉ። አምስት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው በቀመሩ ውስጥ ያለችው የስኩዌር ሩት ምልክት ምን እንደምትሠራ ራሳቸው የጠየቁኝ። እኔ ሃያ ሁለት ስላይድ ደርድሬ ይህን ጥያቄ ማስጠየቅ አልቻልሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የትምህርት ዕቅድ ሳዘጋጅ አስቀድሜ የምጽፈው መሣሪያውን የት እንደማቆመው ነው። በኅዳጉ ላይ «እዚህ ይቁም» እላለሁ፤ ከሥሩም በቆመበት የምጠይቀውን አንድ ጥያቄ። ከሦስት ደቂቃ የበለጠ ቪዲዮ ሳይቆም አይሄድም። ቋንቋው የሚከብድ ከሆነ ድምፁን ዘግቼ ሥዕሉን ብቻ አሳያለሁ፤ ይህ ዘዴ እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራቸው ተማሪዎች ያደረገውን ጥቅም በዐይኔ አይቻለሁ። የቀረው ጥቃቅን ነው፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ፊደሉ መነበቡን መሞከር፣ መስኮቱን መጋረድ፣ በኢንተርኔት አለመተማመን፣ ጠመኔ መያዝ።

አንድ ነገር ግን በማኅበራችን በኩል ቢነሣ ደስ ይለኛል። በማስተማሪያ መሣሪያ አጠቃቀም የሚሰጠን ትምህርት በአመዛኙ ስላይድ ሲነበብ መስማት ነው። ፕሮጄክተር በእጄ የነካሁት ለመጀመሪያ ጊዜ በስልሳ ተማሪዎች ፊት ነው። ወደ ልምምድ ከመውጣታችን በፊት እያንዳንዳችን በጓደኞቻችን ፊት አንድ ሃያ ደቂቃ ብናስተምር፣ በመካከሉም አንድ ሰው ሆነ ብሎ መብራቱን ቢያጠፋብን፣ ወጪው ከምንም አይቈጠርም። አንድ ክፍልና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

የፔንዱለሙ ፕሮግራም በፍላሽ እኔ ዘንድ አለ። የሚፈልግ በመጽሔቱ አዘጋጆች በኩል ይጠይቀኝ፤ ፍላሹን መመለስ ግን አይዘንጋ፤ የተዋስሁት ከጋሼ ነው።