ያለቀውን ቀለም ስለ መሙላት



በየቁምስናችን ለሕፃናት የሚታደለው የትምህርት ወረቀት፣ የበዓል ጥሪና የምስክር ወረቀት ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ቀለም በሚረጭ አነስተኛ የማተሚያ መሣሪያ፣ ማለትም በፕሪንተር ነው። መሣሪያው በስጦታ ይገኝ ይሆናል፤ የቀለሙ መያዣ፣ ማለትም ካርትሪጁ ግን ቶሎ ያልቃል፤ የአዲሱም ዋጋ የቁምስናን በጀት ይፈትናል። ስለዚህ ብዙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን «ያለቀውን ራሳችን ልንሞላው አንችልም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ «ይቻላል» ነው። ነገር ግን አሞላሉን ከማወቅ በፊት የምንሞላው ቀለም ለምን እንደሚሆንና ለምን እንደማይሆን ማወቅ ይገባል።

1. የአንድ ምስክር ወረቀት ነገር

በአንድ ክረምት ከየካ ኮረብታ ጥግ የምትኖር አንዲት እናት የልጇን የጥምቀት ምስክር ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ጽሕፈት ቤቴ መጣች። ወረቀቱን ከሰጠኋት ገና ሳምንት አልሞላም ነበር። ዳገቱን ስትወጣ ዝናብ አግኝቷት ኖሮ ወረቀቱ ርሷል፤ ስሙ በነበረበት ቦታ የቀረው ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ እድፍ ብቻ ነበር። «አባ፣ የልጄ ስም የት ሄደ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጥቁሩ ካርትሪጅ ስላለቀብኝ አውጥቼ፣ በገዛ እጄ በሞላሁት ባለ ሦስት ቀለም ካርትሪጅ ብቻ አትሜ ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ ጥቁር ሲያጣ ሦስቱን ቀለማት ደራርቦ ጥቁር የሚመስል ነገር ይሠራል። ለዓይን ጥቁር ቢመስልም ውሃ ሲነካው ወደ ሦስቱ ይመለሳል። ደግነቱ የልጁ ስም በመዝገቡ ላይ በእጅ ተጽፎ ስለ ነበር ሌላ ምስክር ወረቀት ተሰጣት።

2. ካርትሪጁ እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1977 ካኖን በተባለው የጃፓን ኩባንያ የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ የመርፌ ጫፍ ነክቶ ቀለሙ እንደ ተፈናጠረ፣ የአሠራሩም ሐሳብ ከዚያ እንደ መጣ ኩባንያው ይተርካል። ዛሬም ብዙዎቹ መሣሪያዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። በካርትሪጁ ግርጌ እጅግ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ኋላ ያለች ትንሽ ማሞቂያ ቀለሙን በቅጽበት አፍልታ አረፋ ትፈጥራለች፤ አረፋውም ጠብታዋን ወደ ወረቀቱ ይገፋታል።

በባለ ሦስት ቀለሙ ካርትሪጅ ውስጥ ሦስት ክፍሎች አሉ፤ እነርሱም ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ) እና ቢጫ ናቸው። በእያንዳንዱ ክፍል ቀለሙን የሚይዝ ስፖንጅ አለ። በአንዳንድ አነስተኛ ካርትሪጆች የሦስቱ ቀለም ድምር 5 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ቀለም ሳይኖር ማተም ማሞቂያዎቹን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ጨርሶ ሳይደርቅ መሙላት ይገባል። ሁለተኛ፣ አብዝቶ መሙላት ቀለማቱን ያደባልቃል።

3. አሞላሉ

ይህ አሠራር ማተሚያ ቀዳዳው ከካርትሪጁ ጋር ለተያያዘበት ዓይነት የሚያገለግል ነው።

ሀ) ጠረጴዛውን በአሮጌ ጋዜጣ መሸፈን፤ ጓንት ማድረግ፤ ለየቀለሙ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት አዳዲስ መርፌዎችን ማዘጋጀት። ሥራው ሲያበቃም መርፌዎቹን ሕፃናት በማያገኙበት ሁኔታ ማስወገድ።

ለ) ከካርትሪጁ አናት ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት በቀስታ ማንሣት። ሦስት ቀዳዳዎች ይታያሉ። የቀለማቱ አቀማመጥ እንደ ካርትሪጁ ዓይነት ስለሚለያይ በግምት መሙላት አይገባም። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ንጹሕ ስንጥር አስገብቶ በነጭ ወረቀት ላይ በመጫር ቀለሙን መለየት ያስፈልጋል።

ሐ) ቀለሙን በዝግታ፣ ጠብታ በጠብታ ማስገባት። ቀለሙ ከቀዳዳው አፍ ብቅ ሲል ማቆምና ትርፉን በመርፌው መልሶ መሳብ።

መ) ተለጣፊውን መልሶ መለጠፍ፤ ሆኖም አየር ጨርሶ እንዳይገባ አድርጎ መድፈን አይገባም። አየር ካልገባ ቀለሙ አይወርድም።

ሠ) የታችኛውን የማተሚያ ገጽ በረጠበ ሶፍት ላይ ለአፍታ ማሳረፍ። ሦስቱ ቀለማት ለየብቻቸው ከታዩ ሥራው ተሳክቷል፤ ከተደባለቁ ግን እስኪጠሩ ድረስ ደጋግሞ ማሳረፍ ነው።

ረ) መልሶ አስገብቶ የሙከራ ገጽ ማተም። መሣሪያው «ቀለም አልቋል» ቢል አያስደንግጥ፤ ብዙዎቹ የሚቆጥሩት የታተመውን እንጂ በውስጥ ያለውን አይደለም።

በበጋ ወራት የእንጦጦ ነፋስ ደረቅ ነው፤ የሞሉት ካርትሪጅ ሳይሠራበት ከቆየ ቀዳዳው ይደፈናል። በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተም ይጠቅማል። አንድ ካርትሪጅም ለዘለዓለም አይሞላም፤ ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ መተካት አለበት። ብዙ ለሚያትም ቁምስና ከጠርሙስ በቀጥታ የሚሞላ ማጠራቀሚያ ያለው ፕሪንተር ይሻላል፤ ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲህ ያለውን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል።

4. የጸሐፍት ቀለምና የዛሬው ቀለም

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን፣ ወይም በየካ ከዐለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን የጎበኘ ሰው የብራና መጻሕፍትን ዘመን ማስታወሱ አይቀርም። ጸሐፊው ቀለሙን የሚያዘጋጀው ራሱ ነበር። ጥላሸት ይሰበስባል፤ እስኪያር የተቆላ እህል ይፈጫል፤ ሙጫ ይጨምራል፤ በውሃ በጥብጦ ለወራት ያቆየዋል። ከዚያም በቀንድ ሞልቶ በመቃ ብርዕ ይጽፋል። ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለቅዱሳት ስሞችና ለአርእስት ነበር። ቀንዱ ሲጎድል መሙላት ለእርሱ የዘወትር ሥራ ነው።

ጥላሸት በውሃ አይሟሟም፤ ብርሃንም አያደበዝዘውም። ስለዚህ የዘመናት ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። በካርትሪጅ የሚሞላው ባለ ቀለም ግን በአብዛኛው በውሃ የሟሟ ነው፤ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ዝናብ ያጥበዋል። በሌላ በኩል፣ ቶነር በተባለው ዱቄት የሚሠራው የሌዘር ማተሚያ ጥቁሩን በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ስለሚያጣብቀው ውሃ አያጥበውም።

እንግዲህ ልዩነቱን እንጠብቅ። ለሕፃናት ሥዕል፣ ለሳምንቱ ትምህርትና ለበዓል ጥሪ የተሞላው ቀለም በቂ ነው፤ ቁጠባውም መልካም ነው። ምስክር ወረቀት ግን በሌዘር ይታተም፤ መዝገብም በውሃ በማይለቅ ጥቁር ቀለም ይጻፍ።

5. መሙላት ከሐቅ ጋር ይጋጫልን?

አንዳንዶች «የኩባንያውን ሀብት መንካት አይሆንም ወይ?» ይላሉ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2017 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሌክስማርክ በተባለው አምራችና ያለቁ የቶነር ካርትሪጆችን እየሞላ በሚሸጥ ድርጅት መካከል በነበረው ክርክር፣ አምራቹ ካርትሪጁን ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብቱ ገዢውን ሊይዘው እንደማይችል ወስኗል። ውሳኔው በዚያ አገር ሕግ ላይ የተመሠረተ ቢሆንም ነገሩን ለመረዳት ይጠቅማል። ሐቅን የሚነካው ሌላ ነው፤ ይኸውም የተሞላውን አዲስ ነው ብሎ መሸጥ፣ ወይም የማይጸና ጽሑፍን እንደሚጸና አድርጎ ለሰው መስጠት ነው። እኔም ያችን እናት ሳላውቅ የበደልኳት በዚህ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ከሚታተሙት ወረቀቶች ለዓመታት መቆየት ያለባቸው የትኞቹ ናቸው? በምን ዓይነት ቀለም ይታተማሉ?

2. መዝገቦቻችን ከዝናብና ከፀሐይ በሚጠበቁበት ስፍራ ተቀምጠዋልን?

3. ካርትሪጅ መሙላትን ለወጣቶቻችን የሚያስተምር ሰው በመካከላችን ማን አለ?