የቤት ማዕድና የጤናችን ጥበቃ

ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ማዕድ ይልቅ ጥራጥሬና ውኃን መርጠው፣ ከዐሥር ቀናት በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ አምረው መታየታቸውን ከቅዱስ መጽሐፍ እንማራለን። ይሁን እንጂ ምግብ የጾም ስለሆነ ብቻ ለጤና ይበጃል ማለት አይደለም። በዘይት የተነከረ ሳምቡሳና የድንች ጥብስም የጾም ምግብ ነው።

በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ የምንኖር ብዙዎቻችን በጾም ወራት ከቅዳሴ ወይም ከሥራ ስንወጣ ረኃባችንን በመንገድ ዳር ጥብስ ማስታገሥ ለምደናል። ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት፣ ጨዉም ምን ያህል እንደሆነ ግን አናውቅም። በቤታችን ድስት ውስጥ የሚገባውን ግን የምንወስነው እኛው ነን። የቤት ማዕድ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ስለዚህም የሚከተሉትን እናስተውል።

አንደኛ፣ ጨው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ከገባባቸው፣ ወጡ ላይ የምንጨምረውን እንቀንስ። የደም ግፊት ላለበት የቤተሰብ አባል ድስት ከመለየት የሁላችንንም ጨው መቀነስ ይሻላል። አዮዲን ያለበት ጨው ደግሞ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር አዮዲኑ በሙቀት ብዙ አይባክንም።

ሁለተኛ፣ ዘይት። ከጠርሙሱ እንደ ልብ ከማንቆርቆር በማንኪያ እንለካ፤ የተጠበሰበትንም ዘይት ደጋግመን አንጠቀም።

ሦስተኛ፣ የምግብ ጥምረት። እንጀራና የምስር ወይም የሽሮ ወጥ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል ሌላው ይሞላል። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የበላነው ፋፋም የተዘጋጀው እህልንና ጥራጥሬን በማጣመር ነው። ሎሚ ወይም ቲማቲም ቢታከልበት ሰውነታችን ከጥራጥሬው የሚያገኘው የብረት ማዕድን ይጨምራል። ቡናና ሻይ ግን ይህን ስለሚያውኩ፣ ከምግብ በኋላ ጥቂት ቆይተን እንጠጣ።

አራተኛ፣ ጢስ። የማገዶ ጢስ ሳንባን ይጎዳል፤ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰልም ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ሕይወት ይቀጥፋል። በር ወይም መስኮት ሳንከፍት አናብስል፤ ሕፃናትንም ከጢሱ እናርቅ።

ይህ ሁሉ በእናቶች ጫንቃ ላይ ብቻ ከተጣለ ግን አይዘልቅም። አባት ሽንኩርት ቢከትፍ፣ ልጆች ምስር ቢለቅሙ፣ ከሥራ ደክማ የገባች እናት ታርፋለች፤ ቤተሰቡም በአንድ ገበታ ዙሪያ ጸልዮ ለመቁረስ ጊዜ ያገኛል።

ለውይይት፦ በያዝነው ሳምንት በቤታችን ስንት ቀን አብስለን በላን? ምግብ በማዘጋጀት እናታችንን ያገዘው ማን ነው? ከነገው ወጥ የምንቀንሰው ጨው ነው ወይስ ዘይት?