ስለ ጉበት ስብ

ጉበት በሆድ ውስጥ በቀኝ በኩል ከጐድን አጥንት ሥር የሚገኝ፥ በጐልማሳ ሰው ክብደቱ 1 ኪሎ ተኩል ያህል የሚሆን ብልት ነው። ከሥራዎቹ አንዱ የጐተራ ሥራ ነው፤ ይኸውም ከምግብ የተገኘውን ጣፋጭ ተቀብሎ ያከማቻል፥ ሰውነትም በተራበ ጊዜ መልሶ ያወጣለታል። ይህን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ መርምሮ የገለጠው ክሎድ በርናር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። ዳሩ ግን ጐተራው ልክ አለው። ጉበት በዚህ ዓይነት የሚያኖረው 100 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ በየዕለቱ ሳይሠራበት የሚተርፈው ግን ወደ ስብነት ይለወጣል። ስቡም ከጉበት ሕዋሳት ከመቶው ከ5 የሚበልጡትን የያዘ እንደ ሆነ ሐኪሞች በሽታ ይሉታል።

ብዙ ሰው ይህ ስብ የሚመጣው ቅቤና ጮማ በመብላት ብቻ ይመስለዋል። የቁንዝላ ገበሬ ግን በሬ ሲያደልብ ቅቤ አያበላውም። ከቀንበር ፈትቶ፥ በአንድ ስፍራ አስሮ፥ ድርቆሽና አተላ ያቀርብለታል፤ በሬውም ጮማ ያወጣል። የጥንት ሮማውያንም የዝይን ጉበት ለማወፈር ወፊቱን በለስ ያበሏት ነበር። አስተማሪ ይህን ለተማሪዎች ቢያስረዳ፥ የዳቦና የስኳር ትርፍ እንዴት ስብ እንደሚሆን ያለ ብዙ ድካም ይገባቸዋል።

እንግዲህ ጥፋቱ የእንጀራው አይደለም። በአቸፈር አገር ከንጋት እስከ ማታ የሚያርስ ሰው የዳጉሳ ወይም የጤፍ እንጀራ እስኪጠግብ ቢበላ ሥራው ያቃጥለዋል። ያው ሰው ሞፈሩን ለልጁ ትቶ በሱቅ ወይም በጽሕፈት ቤት የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ ገበታውም እንደ ቀድሞው የሰፋ ከሆነ፥ የሚደለብ በሬ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ የስኳር ነገር አለ። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስኳር ለአብዛኛው ባላገር ብርቅ ነበር፤ ቡናም በብዙ ገጠር በጨው ይጠጣ ነበር። ዛሬ በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። ከስኳር እኩሌታው በማርና በፍራፍሬ ያለው ዓይነት ጣፋጭ ነው፤ እርሱንም በብዛት የሚቀበለው ጉበት ስለ ሆነ፥ ሲበዛ ፈጥኖ ስብ ይሆናል። ጠላና አረቄም በበኩላቸው በጉበት ላይ ስብ ያከማቻሉ።

የአኗኗር መለወጥ ምን እንደሚያደርግ ከጎንደርና ከጣና ሰሜን አገር የሄዱት ቤተ እስራኤል ያሳያሉ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ሌሎችም አስቀድመው ሄደው ነበር። ሐኪሞች እንደ ገለጡት፥ በገቡበት ጊዜ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ከለመዱ፥ የእግር መንገድም ከቀረ በኋላ ግን በዛ፤ ያገኛቸውም ሁሉ ወፍራሞች አልነበሩም። የስኳር በሽታና የጉበት ስብ ደግሞ አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

በሽታው ለብዙ ዓመት ድምፅ የለውም። ሲቆይ ጉበቱ ይቈስላል፥ ይጠባሰሳል፥ አንዳንድ ጊዜም ወደ ካንሰር ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ዓይን ቢጫ ቢሆን፥ ሰዉ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ መራራ ቅጠል ያጠጣል፤ ከነዚህም አንዳንዱ የታመመውን ጉበት ጨርሶ ያጠፋል። እንዲሁም «በስውር ይጠጣ ነበር» ተብሎ ንጹሕ ሰው ይታማል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ሉድቪግ የተባለ ሐኪምና ጓደኞቹ በአሜሪካ መጠጥ የማይጠጡ ሰዎች ጉበት የሰካራም ጉበት መስሎ መገኘቱን ጽፈዋል። በጣና ዳር ሌላም ጠንቅ አለ፤ ቢልሃርዝያና በደም የሚተላለፈው የጉበት ቫይረስ ጉበትን ያጠባሰሳሉና፥ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው የሐኪም ምርመራ ነው።

ለጉበት ስብ የመጀመሪያው መድኃኒት ገበታና ሥራ ነው። ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ወፍራም ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ ስቡ ይጐድላል፤ 8 ኪሎ ቢቀንስ ጠባሳውም ሊሻሻል ይችላል። ይህም ቀስ በቀስ ይሁን፤ በድንገት ራስን ማስራብ ጉበትን ይጐዳል። ጾምም ቢሆን፥ ቀኑን ውሎ ማታ በስኳር ሻይና በዘይት በተጠበሰ ብስኩት የሚፈታ ከሆነ ለጉበት ዕረፍት አይሰጥም። ሽሮ፥ ባቄላ፥ ጐመን፥ በፍስክም ያልተጠበሰ የጣና ዓሣ መልካም ናቸው። የዘጌ ቡና ያለ ስኳር ቢጠጣ አይከፋም፤ ቡና ጠጪዎች የጉበት ጠባሳ እንደሚያንሳቸው ብዙ ምርመራ አሳይቷል።

በአገራችን ቦርጭ የጌትነት ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ፥ ሽማግሌዎች በዚህ ነገር ቢያስቡበት ይገባል። መለኪያውም ቀላል ነው። አንድ ክር ከእግር እስከ ራስ በቁመት ልክ ይቈረጥና ለሁለት ይታጠፋል፤ ሰውዬው ትንፋሹን ካወጣ በኋላ የታጠፈው ክር በወገቡ ዙሪያ በእምብርት ከፍታ ያልገጠመ እንደ ሆነ፥ ስቡ በሆድ ዕቃ ውስጥ መከማቸቱ ያሠጋል። ይህ ልኬት ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ሆዱ ውኃ የቋጠረ፥ እግሩም ያበጠ ሰው ግን በክር ሳይለካ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።